የወተት ተዋጽኦ ተተኪዎች

የወተት ተዋጽኦ ተተኪዎች ከእንስሳት ወተት ሳይሆን ከጥራጥሬ፣ ከቅባት እህል፣ ከእህልና ከለውዝ ዓይነቶች ተዘጋጅተው በወተት፣ በቅቤ፣ በአይብ፣ በእርጎና በክሬም ቦታ የሚገቡ ምግቦችና መጠጦች ናቸው። በዓለም ገበያ በጣም የታወቁት ከአኩሪ አተር፣ ከአጃ፣ ከአልመንድ፣ ከሩዝና ከኮኮናት የሚሠሩት የእጽዋት ወተቶች ናቸው። በኢትዮጵያ ደግሞ ከሱፍ፣ ከሰሊጥ፣ ከተልባና ከኑግ የሚወጣው ፈሳሽ በጾም ማዕድ ላይ የቆየ ቦታ አለው።

ተጠቃሚዎቹ በአራት ይከፈላሉ፦ ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ ፈጽሞ የማይመገቡ ቪጋኖች፣ በጾም ወቅት ከፍስክ ምግብ የሚከለከሉ ምእመናን፣ ላክቶስ የተባለው የወተት ስኳር የማይፈጭላቸው ሰዎች፣ እንዲሁም የወተት ፕሮቲን አለርጂ ያለባቸው ናቸው። ከዓለም ሕዝብ ሁለት ሦስተኛ የሚሆነው ከሕፃንነት ዕድሜ በኋላ ላክቶስን የመፍጨት ችሎታው ስለሚቀንስ፣ የእነዚህ ምግቦች ፈላጊ ቪጋኖች ብቻ አይደሉም።

አንድ ተተኪ በመልክና በጣዕም ወተትን መምሰሉ በምግብነቱ ከወተት ጋር እኩል ነው ማለት አይደለም። ወተት በአንድ ጊዜ ብዙ ሥራ የሚሠራ ምግብ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ተተኪዎች ከእነዚህ ሥራዎች አንዱን ወይም ሁለቱን ብቻ ይሸፍናሉ። ስለዚህ ከወተት ሙሉ በሙሉ ለሚወጣ ሰው በስኒው ውስጥ ያለውን ወተት መተካት ቀላሉ ክፍል ነው። ከወተት ጋር አብረው የሚቀሩትን ቫይታሚን ቢ 12፣ ካልሲየምና አዮዲን መተካት ግን የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ስያሜና ትርጉም

«ቪጋን» የሚለው ቃል የወጣው በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1944 ዶናልድ ዋትሰን ከጥቂት ባልደረቦቹ ጋር የቪጋን ማኅበርን በመሠረተበት ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የቬጂቴሪያን ማኅበራት አባላት ሥጋ ባይበሉም ወተትና እንቁላል ይመገቡ ነበር። የእነዋትሰን ቡድን ተለይቶ የወጣበት ምክንያት ራሱ የወተት ጉዳይ ነበር። ማኅበሩ የተመሠረተበት 50ኛ ዓመት ከተከበረበት ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኖቬምበር 1 የዓለም ቪጋን ቀን ሆኖ ይከበራል።

የቪጋን አመጋገብና የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የጾም ምግብ በሳህን ላይ በጣም ይመሳሰላሉ። ሁለቱም ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ አይብና እንቁላል የላቸውም። ሆኖም የሚከተሉት ልዩነቶች አሉ፦

• ማር በጾም ይበላል፤ ቪጋኖች ግን ማር የንብ ውጤት ስለሆነ አይመገቡትም።
• ዓሣን በጾም የሚመገቡም የማይመገቡም ምእመናን አሉ። ቪጋን ግን ዓሣ ፈጽሞ አይበላም።
• ጾም መጀመሪያና መጨረሻ አለው፤ የሚበላበት ሰዓትም ይወሰናል። ቪጋንነት ያለማቋረጥ የሚቀጥል ሲሆን የሰዓት ገደብ የለውም።
• የጾም ዓላማ መንፈሳዊ ነው። ቪጋኖች ግን ብዙውን ጊዜ የእንስሳትን ደኅንነት፣ የአካባቢ ጥበቃን ወይም ጤናን በምክንያትነት ያቀርባሉ።

ከእነዚህ ውስጥ ለጤና ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው ሦስተኛው ልዩነት ነው። ጿሚው በፋሲካ ወይም በገና ወደ ወተትና ሥጋ ተመልሶ የጎደለውን ይሞላል፤ ቪጋኑ ግን የሚመለስበት ፍስክ የለውም።

ታሪክ

ወተት መሰል የእጽዋት ፈሳሽ አዲስ ግኝት አይደለም። በቻይና ከአኩሪ አተር ወተት ማውጣትና ፈሳሹን አርግቶ ቶፉ መሥራት ለብዙ መቶ ዓመታት የቆየ ሙያ ነው። የአልመንድ ወተት በመካከለኛው ዘመን በእስልምናው ዓለምም ሆነ በአውሮፓ ኩሽናዎች ይታወቅ ነበር። አውሮፓውያን ክርስቲያኖች በዐቢይ ጾም ወተት በተከለከለበት ወቅት ለሾርባና ለጣፋጭ ምግቦች ይጠቀሙበት ነበር። በስፔን ቫሌንሲያ አካባቢም ቹፋ ከተባለ የአንድ ሣር ሥር ላይ ከሚበቅል ትንሽ ፍሬ የሚሠራ ኦርቻታ የሚባል ነጭ መጠጥ እስከ ዛሬ ይጠጣል።

በፋብሪካ ደረጃ የአኩሪ አተር ወተት በሰፊው ከታወቀባቸው ቦታዎች አንዱ ሆንግ ኮንግ ነው። በ1940 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ቪታሶይ የተባለው ድርጅት መጠጡን ወተት መግዛት ለማይችሉ ሰዎች ርካሽ የፕሮቲን ምንጭ አድርጎ ማቅረብ ጀመረ። የአጃ ወተት ታሪክ ግን አጭር ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በስዊድን የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበሩት ሪካርድ ኦስቴ ኢንዛይም ተጠቅመው የአጃን ስታርች ወደ ጣፋጭና ቀጭን ፈሳሽ የመለወጥ ዘዴ አዳበሩ። ከዚህ ሥራ ኦትሊ የተባለው ድርጅት ተወለደ።

ወተት በምግብ ውስጥ የሚሠራው ሥራ

«የወተት ተተኪው የቱ ነው?» የሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የለውም። መልሱ ወተቱ በዚያ ምግብ ውስጥ በሚሠራው ሥራ ላይ ይመሠረታል።

• ማቅለምና ማለስለስ፦ ወተት ጥቃቅን የስብ ጠብታዎች በውሃ ውስጥ የተንሳፈፉበት ፈሳሽ ነው። ነጭ መልኩና ቡናን የማለስለስ ችሎታው ከዚህ ይመጣል። ይህን ሥራ አብዛኛው የእጽዋት ወተት ይሠራዋል።
• መርጋት፦ ከላም ወተት ፕሮቲን 80 በመቶ የሚሆነው ኬዚን ነው። ኬዚን በአሲድ ወይም በርኔት ሲረጋ እርጎና አይብ ይሆናል። ከእጽዋት ወተቶች መካከል በዚህ ረገድ የሚቀርበው ፕሮቲኑ ከፍ ያለው የአኩሪ አተር ወተት ነው።
• ማጣፈጥና ማቅላት፦ ላክቶስ ለወተት ቀለል ያለ ጣፋጭነት ይሰጣል፤ ከፕሮቲኑ ጋር ሆኖም የዳቦን ቅርፊት ቡናማ ያደርጋል። በአጃ ወተት ውስጥ ያለው ማልቶስ የተባለ ስኳር ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል።
• መዓዛና ስብ መስጠት፦ ቅቤ በወጥ ውስጥ የቅመምን መዓዛ ይዞ ያሰራጫል። ማንኛውም ጥሩ ዘይት ይህን ማድረግ ይችላል፤ የቅቤው የራሱ ጣዕም ግን ይቀራል።
• ምግብነት፦ ፕሮቲን፣ ካልሲየም፣ ቢ 12፣ አዮዲንና ሪቦፍላቪን ይሰጣል። ይህ ሥራ በዓይን ስለማይታይ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ዋና ዋና የእጽዋት ወተቶች

የአኩሪ አተር ወተት፦ በፕሮቲን መጠንና ጥራት ለላም ወተት በጣም የቀረበው ነው። ጥሬ ባቄላው የፕሮቲንን መፈጨት የሚያግድ ንጥረ ነገር ስላለው በደንብ መፍላት አለበት። ብዙዎች የማይወዱት «የባቄላ» ሽታ የሚመጣው ፍሬው ውስጥ ካለ ኢንዛይም ነው። ፍሬው በሙቅ ውሃ ሲፈጭ ሽታው ይቀንሳል።

የአጃ ወተት፦ ወፍራም፣ ለስላሳና በተፈጥሮው ጣፋጭ በመሆኑ በቡና መሸጫዎች ተመራጭ ሆኗል። ፕሮቲኑ መካከለኛ ነው። ስታርቹ ወደ ስኳር ስለተለወጠ የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች መጠኑን ማየት ይገባቸዋል።

የአልመንድ ወተት፦ ቀጭን ሲሆን የካሎሪው መጠን ዝቅተኛ ነው። አልመንድ ራሱ በፕሮቲን የበለጸገ ቢሆንም በጥቅል የሚሸጠው ወተት አብዛኛው ውሃ ነው።

የሩዝ ወተት፦ ከሁሉም በላይ ጣፋጭና ቀጭን ነው። አኩሪ አተርም ሆነ የለውዝ ዓይነቶች አለርጂ ለሆኑባቸው ሰዎች ይመቻል። ፕሮቲኑ ግን እጅግ ዝቅተኛ ነው።

የኮኮናት ወተት፦ ሁለት ዓይነት አለ። በቆርቆሮ የሚሸጠው ወፍራሙ ለወጥና በክሬም ፋንታ ይውላል። በካርቶን የሚሸጠው ቀጭኑ ለመጠጥ ነው። ስቡ በአብዛኛው በክፍል ሙቀት የሚረጋው ዓይነት ነው።

የአተር ወተት፦ ከቢጫ አተር ከተለየ ፕሮቲን የሚሠራ ሲሆን በፕሮቲን መጠን ከአኩሪ አተር ጋር ይቀራረባል።

በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ የሚገኘው ፕሮቲን በግምት የሚከተለው ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር እንደ አምራቹ ይለያያል።

• የላም ወተት፦ 3.3 ግራም
• የአኩሪ አተር ወተት፦ 3 ግራም
• የአጃ ወተት፦ 1 ግራም
• የአልመንድ ወተት፦ 0.5 ግራም
• የሩዝ ወተት፦ 0.3 ግራም
• ለመጠጥ የሚሆን የኮኮናት ወተት፦ 0.2 ግራም

በቤት ውስጥ አዘገጃጀት

የአኩሪ አተር ወተት ለማውጣት ፍሬው ከ8 እስከ 12 ሰዓት ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ከዚያ ታጥቦ በብሌንደር ይፈጫል። ለአንድ እጅ ደረቅ አኩሪ አተር ከ6 እስከ 8 እጅ ውሃ ይበቃል። በንጹሕ ጨርቅ ከተጨመቀ በኋላ ፈሳሹ እየተማሰለ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይፈላል። አረፋው ቶሎ ስለሚገነፍል ሰፊ ድስት ያስፈልጋል፤ አረፋ ማውጣቱ ብቻ ፈልቷል ማለት አይደለም። በጨርቁ ላይ የሚቀረው ደቃቅ ለሽሮ ማወፈሪያ ወይም ለዳቦ ሊውል ይችላል።

የአጃ ወተት ከሁሉም ቀላል ነው። አንድ ኩባያ የአጃ ቅንጣት ከሦስት እስከ አራት ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ ጋር ለግማሽ ደቂቃ ያህል ብቻ ተፈጭቶ ሳይጨመቅ ይጠለላል። ረጅም ጊዜ ከተፈጨ፣ ከተጨመቀ ወይም ሙቅ ውሃ ከገባበት ስታርቹ ይለቀቅና እንደ ተልባ የሚሳብ ይሆናል። በቤት የተሠራው ኢንዛይም ስላልገባበት ሲሞቅ እንደ አጥሚት ይወፍራል። ስለዚህ ለቀዝቃዛ መጠጥና ለገንፎ ይሻላል።

የሱፍ ወተት ለማዘጋጀት የሱፍ ፍሬ ታጥቦ ለጥቂት ጊዜ ይቀቀላል ወይም ለስለስ ባለ እሳት ይታመሳል። ከዚያ ተወቅጦ ወይም ተፈጭቶ በውሃ ይበጠበጥና በጥሩ ወንፊት ወይም በጨርቅ ይጠለላል። ገለባው በደንብ ካልተለየ ፈሳሹ ይሻክራል። የሱፍ ፈሳሽ ነጭና ቅባት ያለው በመሆኑ በመልኩ ከወተት ጋር በቀላሉ ይመሳሰላል።

በቤት የሚሠሩ የእጽዋት ወተቶች ሁሉ እንደ ላም ወተት ይበላሻሉ። በማቀዝቀዣ ተቀምጠው በሦስት ወይም በአራት ቀን ውስጥ ቢያልቁ ይመረጣል። ካልሲየምም ሆነ ቢ 12 እንዳልተጨመረባቸው ማስታወስ ያስፈልጋል።

በቡና ላይ

የእጽዋት ወተት፣ በተለይም የአኩሪ አተር ወተት፣ ትኩስ ቡና ላይ ሲገባ የሚበጣጠስበትና ነጭ ቅንጣት ሆኖ የሚንሳፈፍበት ጊዜ አለ። ምክንያቱ የቡናው አሲድና ሙቀት ተጋግዘው ፕሮቲኑን ስለሚያረጉት ነው። ቶፉ የሚረጋውም በተመሳሳይ መንገድ ነው። ወተቱ አልተበላሸም፤ ሊጠጣም ይችላል። ችግሩን ለመቀነስ ወተቱ አስቀድሞ ይሞቃል፤ ቡናው ጥቂት ይበርዳል፤ ከዚያም ቡናው ወደ ወተቱ ቀስ ተብሎ ይጨመራል። ለቡና ባለሙያዎች ተብለው የሚሸጡት ዓይነቶች አሲዱን የሚያለዝብ ጨውና አረፋ የሚያቆም ተጨማሪ ዘይት አላቸው። በአዲስ አበባ በጾም ወቅት በአንዳንድ ካፌዎች የሚቀርበው የጾም ማኪያቶ የሚሠራው በዚሁ በእጽዋት ወተት ነው።

የቅቤ፣ የአይብ፣ የእርጎና የክሬም ተተኪዎች

ቅቤ፦ ለወጥ የሚሆነው ቀላሉ ዘዴ ዘይትን እንደ ንጥር ቅቤ ማጣፈጥ ነው። ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ በሶብላ፣ አብሽና እርድ በዘይት ውስጥ በጣም በዝግታ ሞቀው ከተጠለሉ፣ ሰው «ቅቤ ቅቤ ይላል» የሚለው ሽታ አብዛኛው ከቅመሙ የመጣ መሆኑ ይታወቃል። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ወይም ዝንጅብል የገባበት ዘይት ግን በክፍል ሙቀት መቀመጥ የለበትም። አየር በሌለበት ዘይት ውስጥ ቦቱሊዝም የተባለውን አደገኛ መመረዝ የሚያስከትል ባክቴሪያ ሊያድግ ስለሚችል፣ በማቀዝቀዣ ተቀምጦ በጥቂት ቀናት ውስጥ ማለቅ አለበት። በዳቦ ላይ ለሚቀባው ማርጋሪን ያገለግላል፤ ነገር ግን አንዳንድ ማርጋሪን የወተት ዱቄት ወይም አጓት ይገባበታል።

አይብ፦ የሐበሻ አይብ ቅቤው ከተናጠ በኋላ የቀረውን አሬራ በማሞቅ የሚሠራ ነው። በአሠራርም ሆነ በመልክ ለእሱ የሚቀርበው ቶፉ ነው። የፈላ የአኩሪ አተር ወተት ላይ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ሲጨመር ይረጋል፤ በጨርቅ ተንጠልጥሎ ሲጨመቅ ይጠነክራል። ተፈርፍሮ ጨው፣ ጥቂት ሎሚና ኮሰረት ከገባበት ከጎመን ጋር ይሄዳል። በካልሲየም ሰልፌት የረጋ ቶፉ ጥሩ የካልሲየም ምንጭ ነው፤ በሎሚ የረጋው ግን ያን ያህል አይደለም። በሱቅ የሚሸጠው የሚቀልጥ ቪጋን አይብ ብዙውን ጊዜ ከኮኮናት ዘይትና ከስታርች የሚሠራ በመሆኑ ፕሮቲኑ በጣም ዝቅተኛ ነው። ከተዘፈዘፈ ካሹ የሚሠራው የተሻለ ፕሮቲን አለው፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል።

እርጎ፦ የአኩሪ አተር ወተት በ40 ዲግሪ ሴልሲየስ አካባቢ ሞቆ፣ ሕያው ባክቴሪያ ያለበት የአኩሪ አተር እርጎ ማንኪያ ሲጨመርበት ከ6 እስከ 8 ሰዓት ውስጥ ይረጋል። የአጃና የአልመንድ ወተት ፕሮቲናቸው አነስተኛ ስለሆነ ይኮመጥጣሉ እንጂ ያለ ማወፈሪያ አይረጉም።

ክሬም፦ በወፍራም የኮኮናት ወተት ወይም ተዘፍዝፎ በደንብ በተፈጨ ካሹ ይተካል። የኮኮናት ወተት ቆርቆሮ በማቀዝቀዣ ሲያድር ከላይ የሚረጋው ክፍል ሊመታ ይችላል።

ለዳቦና ለኬክ፦ በወተት ፋንታ ያው መጠን የእጽዋት ወተት ይገባል። አሬራ ለሚጠይቅ ኬክ የአኩሪ አተር ወተት ላይ ጥቂት ሎሚ ተጨምሮ ለደቂቃዎች ይቀመጣል።

በኢትዮጵያ የጾም ማዕድ

አንድ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመን አጽዋማቱን በሙሉ ከጠበቀ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ያለ ወተት ያሳልፋል። በዚህ ምክንያት የአገሪቱ ማዕድ ከቪጋንነት ጋር ሳይተዋወቅ የራሱን ተተኪዎች አዳብሯል።

የሱፍ ፍትፍት በሱፍ ፈሳሽ ላይ እንጀራ ተቆራርጦ፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ተጨምሮበት ቀዝቀዝ ብሎ የሚበላ ነው። የተልባ ፍትፍትም በተመሳሳይ መንገድ ከተቆላና ከተፈጨ ተልባ ይሠራል። ስልጆ የባቄላ ዱቄት ከሱፍ ፈሳሽ ጋር ተማስሎና በስሎ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ሰናፍጭ ገብቶበት ለቀናት የሚብላላ ኮምጣጣ ማባያ ነው። በማዕዱ ላይ የሚይዘው ቦታ እርጎና አይብ ከሚይዙት ጋር ይቀራረባል። ቡቲቻ የሽንብራ ዱቄት በውሃ በስሎ፣ ቀዝቅዞና ተፈርፍሮ፣ በዘይት፣ በሎሚ፣ በሽንኩርትና በቃሪያ የሚለወስ ሲሆን መልኩ ከተፈረፈረ አይብ ወይም ከእንቁላል ፍርፍር ጋር ይመሳሰላል። ኑግ የኢትዮጵያ አገር በቀል የቅባት እህል ሲሆን ዘይቱ ለጾም ወጥ ያገለግላል።

ከኢትዮጵያ ውጭም ይህ ማዕድ ለቪጋኖች መጠጊያ ሆኗል። በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በእስራኤል ያሉ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች በያይነቱን እንደ ቪጋን ምግብ ያቀርባሉ። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አንዳንድ ምግብ ቤት በፍስክ ቀን ጎመኑን ወይም ሽሮውን በንጥር ቅቤ ሊሠራ ስለሚችል ነው። «የጾም ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ «ሥጋ አለው ወይ?» ከማለት የተሻለ መልስ ያስገኛል።

ንጥረ ምግብና ጤና

ቫይታሚን ቢ 12፦ ይህን ቫይታሚን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ሲሆኑ፣ ሰው በአስተማማኝ መጠን የሚያገኘው ከእንስሳት ምግብ፣ ከተጨመረበት ምግብ ወይም ከእንክብል ብቻ ነው። እንጀራ፣ ስልጆና ሌሎች የተብላሉ ምግቦች አስተማማኝ ምንጭ አይደሉም። ስፒሩሊና የተባለው አረንጓዴ ዋቅላሚም ሰውነት የማይጠቀምበትን የቫይታሚኑን አምሳያ ነው በብዛት የያዘው። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ክምችት ሊይዝ ስለሚችል ጉድለቱ ወተት በተተወ ማግስት አይታይም። አደጋውም ከዚህ ይመነጫል፤ ሰውየው ለሁለትና ለሦስት ዓመት ደህና ሆኖ ከቆየ በኋላ ድካም፣ የደም ማነስ፣ የእጅና የእግር መደንዘዝ፣ የማስታወስ ችግር ሊመጣበት ይችላል። በጥራጥሬና በጎመን የበለጸገ አመጋገብ ብዙ ፎሌት ስላለው የደም ማነሱን ሊሸፍነው ይችላል። በዚህ ጊዜ የነርቭ ጉዳቱ ሳይታወቅ ይቀጥላል፤ ከዘገየም ላይመለስ ይችላል።

ለአዋቂ ሰው የሚመከረው መጠን በቀን 2.4 ማይክሮ ግራም ነው፤ ለነፍሰ ጡር 2.6፣ ለምታጠባ እናት ደግሞ 2.8 ነው። ከእንክብል የሚዋጠው ክፍል ትንሽ ስለሆነ የእንግሊዙ የቪጋን ማኅበር በቀን ቢያንስ 10 ማይክሮ ግራም ወይም በሳምንት አንድ ጊዜ 2000 ማይክሮ ግራም የያዘ እንክብል መውሰድን ይመክራል።

ካልሲየም፦ አንድ ኩባያ የላም ወተት 300 ሚሊ ግራም ገደማ ካልሲየም አለው። ለአብዛኛው አዋቂ በቀን ወደ 1000 ሚሊ ግራም ይመከራል። ካልሲየም የተጨመረበት የእጽዋት ወተት ተመሳሳይ መጠን ሊይዝ ይችላል። ነገር ግን ማዕድኑ ከታች ስለሚዘቅጥ ካርቶኑ ሳይነቀነቅ የሚጠጣ ሰው የሚያገኘው ትንሽ ነው። ከአገር ውስጥ ምግቦች ጤፍ፣ ሰሊጥና የሐበሻ ጎመን ጥሩ ምንጮች ናቸው። ቆስጣ በካልሲየም የበለጸገ ቢመስልም ያለበት ኦክሳሌት ማዕድኑን ስለሚይዘው ወደ ሰውነት የሚገባው ጥቂት ነው። ስለዚህ ለዚህ ጉዳይ ጎመን ከቆስጣ ይበልጣል።

አዮዲን፦ በብዙ የምዕራብ አገሮች ዋናው ምንጭ ወተት ነው። ወተት ያቆመ ሰው አዮዲን የተጨመረበትን ጨው መጠቀሙን ማረጋገጥ አለበት። ጨው ሲበዛ ስለሚጎዳ ግን መልሱ ጨውን ማብዛት አይደለም።

ቫይታሚን ዲ፦ ሰውነት በፀሐይ ብርሃን ይሠራዋል። በሰሜን አውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ክረምት፣ እንዲሁም በሙቀት ምክንያት ቀኑ ቤት ውስጥ በሚያልፍባቸው የባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ሰዎች ጉድለት ሊገጥማቸው ይችላል። በእነዚያ አገሮች በወተት ላይ ይጨመር ከነበረ ተተኪውም የተጨመረበት መሆኑ መታየት አለበት።

ሕፃናትና ልጆች

ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማንኛውም የእጽዋት ወተት የእናት ጡት ወይም የሕፃናት ወተት ተተኪ አይሆንም። ይህ በፋብሪካ የተሠራውንም በቤት የተዘጋጀውንም ይመለከታል። ለሕፃናት ተብሎ በልዩ ቀመር የተዘጋጀ የአኩሪ አተር ወተት አለ፤ እሱ ግን በሱቅ ከሚሸጠው ተራ የአኩሪ አተር ወተት ፈጽሞ የተለየ ስለሆነ በሐኪም ምክር ይሰጣል። ቢ 12 የማትወስድ ቪጋን እናት የምታጠባው ልጅ ጉድለቱን ከእሷ ይወርሳል፤ በሕፃናት ላይም ምልክቱ ከአዋቂ ቀድሞ ይታያል።

ከአንድ ዓመት በኋላ ስኳር ያልገባበትና ካልሲየም፣ ቢ 12ና ቫይታሚን ዲ የተጨመረበት የአኩሪ አተር ወተት የተሻለው አማራጭ ነው። የሩዝ ወተት በውስጡ ሊኖር በሚችለው የአርሴኒክ መጠን ምክንያት የእንግሊዝ የጤና ባለሥልጣናት ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጥ ይመክራሉ።

የመለያ ጽሑፍ አነባበብ

በታሸገ ምግብ ላይ ወተት በብዙ ስም ይቀመጣል፦ ኬዚን፣ ሶዲየም ኬዚኔት፣ አጓት፣ ላክቶስ፣ የወተት ዱቄት፣ የቅቤ ስብ። የሚከተሉት ጽሑፎች ብዙ ጊዜ ያሳስታሉ፦

• «ላክቶስ የሌለው»፦ ስኳሩ የተፈጨበት የላም ወተት ሊሆን ይችላል። ለቪጋንም ሆነ ለወተት አለርጂ አይሆንም።
• «የወተት ተዋጽኦ ያልሆነ» የቡና ማለስለሻ ዱቄት፦ አንዳንዱ የወተት ፕሮቲን የሆነው ኬዚኔት አለበት።
• «ፓርቨ»፦ በእስራኤል በሚሸጡ ምግቦች ላይ የሚገኝ ሲሆን ሥጋም ወተትም እንደሌለው ያመለክታል። ወተት ለሚሸሽ ሰው ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን እንቁላል፣ ዓሣ ወይም ማር ሊኖረው ስለሚችል የቪጋን ምልክት አይደለም።
• «ኦርጋኒክ»፦ በአንዳንድ አገሮች ኦርጋኒክ የእጽዋት ወተት ላይ ቫይታሚንና ካልሲየም ስለማይጨመር ምግብነቱ ከተራው ያነሰ ሊሆን ይችላል።

የስያሜ ክርክር

የእጽዋት ፈሳሽ «ወተት» መባል አለበት ወይስ የለበትም የሚለው በፍርድ ቤት ታይቷል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በጁን 2017 እ.ኤ.አ. ቶፉታውን በተባለ የጀርመን ድርጅት ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ «ወተት»፣ «ቅቤ»፣ «አይብ» እና «እርጎ» የሚሉት ስሞች ለእንስሳት ውጤት ብቻ እንደሚውሉ ወሰነ፤ እንደ ኮኮናት ወተት ያሉ የቆዩ ስያሜዎች ግን በልዩነት ተፈቅደዋል። በዚህ ምክንያት በአውሮፓ «የአጃ መጠጥ» የሚል ጽሑፍ ይታያል። በአሜሪካ ግን የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣኑ በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ረቂቅ መመሪያ «የአጃ ወተት» የሚለውን ዓይነት ስያሜ ፈቅዶ፣ የምግብነት ልዩነቱ በጥቅሉ ላይ እንዲገለጽ መክሯል።

በአካባቢ ላይ ያለው ተጽዕኖ

በ2018 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣው የፑርና የኔሜቼክ ጥናት በዓለም አማካይ አንድ ሊትር የላም ወተት 3 ኪሎ ግራም ያህል የካርቦን ዳይኦክሳይድ ተመጣጣኝ ልቀት እንዳለው፣ የእጽዋት ወተቶች ግን 1 ኪሎ ግራም ገደማ እንደሆኑ አሳይቷል። በውሃ አጠቃቀም አልመንድ ከአጃና ከአኩሪ አተር በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ከዓለም የአልመንድ ምርት አብዛኛው የሚመጣው ደግሞ የውሃ እጥረት ከሚያጠቃት ካሊፎርኒያ ነው። እነዚህ ቁጥሮች አማካይ ናቸው። እህል በማይበቅልበት ቆላ በግጦሽ የሚኖሩ አርብቶ አደሮችን የወተት አመራረት ከፋብሪካ እርባታ ጋር በቀጥታ ለማወዳደር አያገለግሉም።

ወደ ቪጋን አመጋገብ መሸጋገር

ከወተት መውጣት ብዙውን ጊዜ ደረጃ በደረጃ ይከናወናል። በመጀመሪያ የሚተካው በሻይና በቡና ላይ የሚገባው ወተት ነው። ቀጥሎ የምግብ ማብሰያ ቅቤ፣ ከዚያ እርጎ ይከተላል። አይብ በጣዕም ለመተካት አስቸጋሪ ስለሆነ በአብዛኛው መጨረሻ ላይ ይቀራል። በጾም ያደገ ሰው የምግብ አሠራሩን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ምስር፣ ሽሮ፣ ሽንብራና ባቄላ ከእንጀራ ጋር ሲበሉ የተሟላ ፕሮቲን ይሰጣሉ። ወተት ሙሉ በሙሉ በሚቆምበት ቀን ግን የቢ 12 እንክብል አብሮ መጀመር አለበት። የሕመም ምልክት እስኪታይ መጠበቅ አይመከርም። ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶች፣ ልጆችና አረጋውያን ለውጡን ከሐኪም ወይም ከሥነ ምግብ ባለሙያ ጋር ተመካክረው ቢያደርጉት ይመረጣል።

በተጨማሪ ይመልከቱ

• ጾም
• አኩሪ አተር
• ሱፍ
• ኑግ
• ቫይታሚን ቢ 12
• ላክቶስ